መጀመሪያ የስፒናውን ፎቶ ላክልኝ

ደሴ ውስጥ ተማሪዎች ከትምህርት መልስ ኳስ የሚጫወቱባት ጠባብ የፕሌይስቴሽን ቤት አለችኝ። ማሽኖቹ ፕሌይስቴሽን 2 ናቸው። ሶኒ ይህን ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ በ2013 መጀመሪያ ማምረቱን አቁሟል፤ እኛ ጋ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ይቀየራል፣ ካልተቀየረም ጌሙ ከፍላሽ ይነሳል። ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ጆይስቲኩ ነው። ጎል የገባበት ልጅ የሚቀጣው እሱን ነዋ።

አዲስ እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮፒ ነው። ኦሪጅናል የፈለገ ሰው ያገለገለ ይገዛል፤ ያገለገለ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ቴሌግራም ላይ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፣ ገዢው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደሴ ተቀምጧል፣ ብሩ ደግሞ ዕቃው ሳይታይ ይላካል። በዚህ መንገድ ለራሴም ለጓደኞቼም ስገዛ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። "አይሰራም" ተብሎ ከሚጣለው ጆይስቲክ አብዛኛው ቁልፎቹ ደህና ናቸው። የተበላሸው ኮንሶሉ ላይ የሚሰካው ስፒና ነው፣ ወይም ገመዱ ስፒናው ውስጥ የሚገባበት አንገት።

ማስታወቂያዎቹን አስተውሏቸው። ጆይስቲኩ በደንብ ተወልውሎ፣ ከፊት ተነስቶ፣ አንዳንዴ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ይታያል። ገመዱ ተጠቅልሎ ከኋላው ተደብቋል። ስፒናው ጭራሽ ፎቶው ውስጥ የለም። ሻጩ ሁልጊዜ ሆን ብሎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስፒና ይበላሻል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት የምልከው መልእክት ሁሌም አንድ ነው፦ የስፒናውን ፊት፣ ቀዳዳዎቹ እንዲታዩ አድርገህ፣ በቀን ብርሃን አንሳና ላክልኝ።

አንዴ አንዱ ሻጭ "ወንድሜ፣ ስፒናው ምን ያደርግልሃል? እንደማንኛውም ስፒና ነው፤ ወላሂ ዕቃው ኦሪጅናል ነው" አለኝ። እኔም "ኦሪጅናልነቱን አምኜሃለሁ፤ ቀዳዳዎቹን ብቻ አሳየኝ" አልኩት። ፎቶው ሲመጣ ከዘጠኙ ቀዳዳዎች በአንዱ ውስጥ ብረቱ አይታይም፣ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ዕቃውን አልተውኩትም። የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ስላወቅኩ ምን እንደማይሰራለት ነገርኩትና ዋጋው ላይ ተነጋገርን።

ይህን ለማድረግ የዘጠኙን ቀዳዳ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከባድ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 1 እና 2 የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ስፒና ነው። መርፌ መሰል ፒኖቹ ያሉት ኮንሶሉ ላይ ሲሆን፣ የጆይስቲኩ ስፒና ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ክፍል የተደረደሩ ዘጠኝ ቀዳዳዎች አሉ። በየቀዳዳው ውስጥ ፒኑን አቅፎ የሚይዝ ቀጭን ብረት ተቀምጧል። ስፒናውን ቀዳዳዎቹ ወደ እናንተ፣ ማዕዘኑ የተጠጋጋው ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትይዙት፣ ቁጥሩ ከግራ በ1 ይጀምርና ቀኝ ጫፍ ላይ 9 ይሆናል።

1 ከጆይስቲኩ ወደ ኮንሶሉ የሚሄደው መረጃ ነው፤ ኦሪጅናሉ ላይ ሽቦው ቡናማ ነው። 2 ከኮንሶሉ የሚመጣው ትእዛዝ ነው፤ ብርቱካናማ። 3 የንዝረት ሞተሮቹ ኃይል ነው፤ ግራጫ፤ ከ7 ቮልት በላይ ይዟል። 4 መሬት (ግራውንድ) ነው፤ ጥቁር። 5 የጆይስቲኩ የራሱ ኃይል ነው፤ ቀይ፤ 3.3 ቮልት ገደማ። 6 ኮንሶሉ "አንተን ነው የማናግረው" የሚልበት መስመር፤ ቢጫ። 7 የሰዓት ምት፤ ሰማያዊ። 8 ለተራ ጆይስቲክ ሥራ የለውም፤ ነጭ። 9 ጆይስቲኩ "ሰምቻለሁ" ብሎ የሚመልስበት ነው፤ አረንጓዴ። ኮፒ ጆይስቲክ ላይ ግን ቀለሙን አትመኑት፤ ፋብሪካው ያገኘውን ሽቦ ነው የሚያስገባው። እዚያ የምትተማመኑት በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚታየው ሻጩ ችግሩን ሲነግራችሁ ነው። "ሁሉም ቁልፍ ይሰራል፣ ንዝረት ብቻ የለውም" ካለ መጀመሪያ 3ኛውን ቀዳዳ ጠርጥሩ፤ ቀላል ጥገና ሊሆን ይችላል። በኦሪጅናሉ ውስጥ ሁለት ሞተሮች አሉ፣ በግራ ትልቁ፣ በቀኝ ትንሹ፤ ኃይል የሚያገኙት ከዚያው ከአንዱ ሽቦ ነው። እንግዲህ አንዱ እየነዘረ ሌላው ዝም ካለ ስፒናው ንጹህ ነው፣ ችግሩ ሆዱ ውስጥ ነው። "ጭራሽ አይነሳም" ከተባለ 4፣ 5 ወይም ከመልእክት መስመሮቹ አንዱ ተቋርጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሻጩ የሞተ ዕቃ ነው፣ መበየጃ ላለው ሰው ግን ገበያ ነው። "እየሰራ እየሰራ ይጠፋል፣ ገመዱን ስነካው ይመለሳል" ካለ የአንገት ስብራት ነው፤ ሽቦው ላስቲኩ ውስጥ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ሲነካካ ነው የሚመለሰው። 8ኛው ቀዳዳ ባዶ ቢሆን ግን ምንም አይደል፤ አንዳንድ ጆይስቲክ ላይ ከመጀመሪያውም ሽቦ አልገባለትም። ይህን የማያውቅ ገዢ ደህና ዕቃ ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። "ኤክስ ቁልፉ ብቻ አይሰራም፤ ገመዱ ይሆናል፣ ገመድ ቀይርለት" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት። ፕሌይስቴሽን ላይ የሁሉም ቁልፍ መረጃ ተራ በተራ በአንድ ሽቦ፣ በቡናማው፣ ነው የሚያልፈው። ያ ሽቦ ቢበጠስ ሁሉም ቁልፍ ይጠፋል እንጂ ኤክስ ለብቻው ተመርጦ አይጠፋም። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ችግሩ ከቁልፉ በታች ባለው ላስቲክ ወይም እሱ በሚጫነው ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ፋሚኮም የተባለው የጌም ማሽንም እንዲሁ ነው፤ ስምንቱ ቁልፎች በአንድ የመረጃ መስመር ነው የሚነበቡት።

ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያ ማሽን እ.ኤ.አ. የ1988 ነው፤ ጆይስቲኩ ባለ 9 ፒን ስፒና አለው፣ ቁልፎቹም ሽቦ ሽቦ ተከፋፍለው ነው የሚወጡት። 1 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች ነው። በ6ኛው ላይ ኤ እና ቢ በጋራ ይመጣሉ፣ በ9ኛው ላይ ሲ እና ስታርት። ስለዚህ ሜጋ ድራይቭ ላይ ኤ እና ቢ አብረው ከጠፉ፣ ወይም ሲ እና ስታርት አብረው ከጠፉ፣ ጆይስቲኩን ሳትከፍቱ ገመዱን ወይም ስፒናውን መጠርጠር ትችላላችሁ። "ወደ ላይ ብቻ አይሄድም" የሚለውም እዚህ የገመድ ችግር ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ያ ባለ 9 ፒን ስፒና ሌላም መዘዝ አለው። ልጆች ሆነን ሱፐር ማሪዮ የተጫወትንባቸው፣ አንድ ካሴት ውስጥ መዓት ጌም አለ እየተባሉ ይሸጡ የነበሩት የፋሚኮም ኮፒ ማሽኖች ብዙዎቹ ቅርጹ ከሴጋ ጋር አንድ የሆነ ስፒና ነው ያላቸው። ይገጥማል፤ ውስጡ ግን የሽቦው ድልድል ፍጹም የተለየ ነው። ሻጩ "ሴጋም ላይ ይሰካል" ቢል ውሸት አልተናገረም፣ እርግጥም ይሰካል! አይሰራም እንጂ። ኃይልና መሬት ተገለባብጠው ሊገናኙ ስለሚችሉም ለሙከራ እንኳ አትሰኩት። ለየትኛው ማሽን እንደተሠራ የማይታወቅ ባለ 9 ፒን ጆይስቲክ ርካሽ ቢሆንም እኔ አልነካውም።

ወደ ፕሌይስቴሽን ልመለስ። ፎቶው ደህና ከሆነ ቪዲዮ እጠይቃለሁ። ቪዲዮው ጆይስቲኩ ብቻውን ሲሽከረከር የሚያሳይ ከሆነ አይጠቅምም። ኮንሶል ላይ ተሰክቶ፣ ንዝረት ያለው ጌም ተከፍቶ፣ ሻጩ በአንድ እጁ የገመዱን አንገት ስፒናው ስር ይዞ ወደ አራቱም አቅጣጫ ቀስ ብሎ እያጠፈ እንዲያሳየኝ ነው የምፈልገው። ከዚያ ገመዱ ጆይስቲኩ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍም እንዲሁ። ንዝረቱ ከተቆራረጠ ወይም ስክሪኑ ላይ "ጆይስቲኩ ተነቅሏል" የሚል መልእክት ከመጣ አለቀ፣ ስብራቱን አገኘነው። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ አስማሚ ተሰክቶ ሲሰራ የሚያሳዩም አሉ። ለቁልፎቹ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን አስማሚው ኮንሶሉ አይደለም፣ ርካሹ ደግሞ ንዝረቱን በአግባቡ ላያሳይ ስለሚችል የኮንሶሉን አስቀድማለሁ።

ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ከጀርባው ያለውን ወረቀት ያያል። የዱዋልሾክ 2፣ ማለትም የፕሌይስቴሽን 2 ኦሪጅናል ጆይስቲክ፣ ሞዴል ቁጥር ኤስሲፒኤች-10010 ነው፤ ኮፒዎቹም ይህንኑ ለጥፈው ይመጣሉ። እኔ ስፒናው የተሻለ ይነግረኛል። የኦሪጅናሉ ፕላስቲክ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው፣ ብረቶቹ ሁሉም በአንድ ጥልቀት ተቀምጠዋል፣ ሲሰካም ጠበቅ ብሎ ይገባና ይቆማል። ኮፒው ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል። የሚላላው ጌም መሃል ላይ ይጠፋባችኋል፤ የሚጠብቀው ግን የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሲሰካና ሲነቀል የሚያጣምመው የኮንሶሉን ፒን ነው። ጆይስቲክ ይተካል፤ የኮንሶል ሶኬት መቀየር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለዚህ ያገኘሁት መላ አጭር ማራዘሚያ ገመድ ነው። ኮንሶሉ ላይ አንዴ ሰክቼው አልነቅለውም፤ ልጆቹ የሚሰኩትም የሚነቅሉትም ማራዘሚያው ጫፍ ላይ ነው። የሚያልቀው ማራዘሚያው ይሁን።

ሻጩ ኮምቦልቻ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ስሊሙን፣ ቀጭኑን ፕሌይስቴሽን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጃኬቴንም እግረ መንገዴን አወልቃለሁ። ሻጩ ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም። እዚያው ሰክቼ፣ አንገቱን አጥፌ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ከአዲስ አበባ ሲሆን ግን ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ያኔ ከሻጩ ጋር አስቀድሜ የምስማማው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስፒናው በፌስታል ተጠቅልሎ ለብቻው ይታሸግ፣ ገመዱም አንገቱ ላይ አይጠምዘዝ። ብዙዎች ገመዱን ጆይስቲኩ ላይ አጥብቀው ጠምጥመው ስፒናውን ከስሩ ይሸጉጡታል፤ ደህናውን ዕቃ መንገድ ላይ የሚሰብረው ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ብሩ በቴሌብር ሲላክ የቻቱን ፎቶና ቪዲዮ አላጠፋም፣ "በደረሰ ማግስት ፈትሼ እነግርሃለሁ" ብዬም በጽሑፍ አስቀምጣለሁ። ማግስት ያልኩት መብራት ላይኖር ስለሚችል ነው።

ሲደርስ አለመስራቱን ካያችሁ ሻጩን ከመጥራታችሁ በፊት ስፒናውን በሁለተኛው የኮንሶሉ ሶኬት ሞክሩት። የተጣመመው ፒን የራሳችሁ ሊሆን ይችላልና። ባትሪ አብርታችሁ የሶኬቱን ውስጥ እዩ፤ ዘጠኙም ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው።

ጥገናውን ያሳዩኝ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። "ጋሼ፣ ይሄ ሞቷል መሰለኝ፣ ይዩልኝ" ብዬ ስሰጣቸው በመነጽራቸው ስር አገላብጠው አዩና "አብሽር ልጄ፣ ዝጓል እንጂ አልሞተም" አሉኝ። እውነትም ቀዳዳው ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴ ይዞት ነበር። የደሴ ክረምት ጭጋጉና እርጥበቱ የታወቀ ነው፤ በክረምት ወራት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ስፒና ሲዝግ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለዝገቱ አልኮል በቂ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ይሆናል፤ ውሃ ስላለበት ግን ከጨረሳችሁ በኋላ በደንብ ይድረቅ። የስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥጥ ጠምጥማችሁ፣ አልኮል ነክራችሁ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ አሹት። ቤንዚን ወይም ላምባ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ያበላሻል። ብረቱ ወደ ውስጥ ከሰመጠ በቀጭን ወረንጦ ጫፍ ይዛችሁ ወደፊት ሳቡት፤ አፉ ሰፍቶ ፒኑን መያዝ ካቃተው ደግሞ በመርፌ ከጎን ትንሽ ገፋ አድርጉት። ትንሽ ነው ያልኩት። በጣም ከጠበበ ፒኑ ሲገባ ይዞት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

አንገቱ ከተሰበረ ግን ናስትሮ መጠምጠም መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ውስጥ ተቆርጧል። የስፒናው ላስቲክ በአንድ ላይ የፈሰሰ ስለሆነ ሳይቆረጥ አይከፈትም። የሚሻለው ከሌላ ከሞተ ጆይስቲክ ላይ ስፒናውን ከነገመዱ ቆርጦ መቀጠል ነው። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጉና ከቀዳዳ እስከ ሽቦ አንድ በአንድ ለዩ፤ ወረቀት ላይ ቁጥርና ቀለም ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ በይዱ። እያንዳንዱ ሽቦ ሲሞቅ የሚኮማተር የራሱ ቱቦ ይኑረው፤ የምትቆርጡበት ቦታም አንድ ላይ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ይሁን፣ እንዳይነካኩ። ለዚህ የምጨነቅበት ምክንያት ግራጫው ነው። ለሞተር የመጣው ከ7 ቮልት በላይ የሆነ ኃይል 3.3 ቮልት የለመደው መስመር ላይ ከፈሰሰ የጆይስቲኩን ቺፕ ያቃጥላል። ቀዩና ጥቁሩ ከተነካኩ ደግሞ ኮንሶሉ ውስጥ ለጆይስቲክ መስመር የተቀመጠችው ትንሽ ፊውዝ ልትሄድ ትችላለች፤ ያኔ ደህናውም ጆይስቲክ አይሰራላችሁም። በይዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከመሰካታችሁ በፊት 3፣ 4 እና 5 እርስ በርስ እንዳይጮሁ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

በዚህ ምክንያት አሁን አሁን የምፈልገው የሚሰራውን ብቻ አይደለም። "ለመለዋወጫ" ተብሎ የሚለጠፍ፣ ቁልፉ የረገፈ፣ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚዞረው እንጨት) የተበላ፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ኦሪጅናል ካየሁ የስፒናውን ፎቶ እጠይቃለሁ። ዘጠኙ ቀዳዳ ንጹህ ከሆነና አንገቱ ካልተጣመመ እገዛዋለሁ፤ ዋጋውም ከደህናው ጋር አይወዳደርም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ አንዳንድ ሻጭ ዕቃው ቀለል እንዲል ብሎ ገመዱን ይቆርጥና ስፒናውን ለብቻው ይልካል። ቢቆርጥም ግድ የለም፣ ከስፒናው ስር ግን ቢያንስ አንድ ስንዝር ገመድ እንዲተው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከአንገቱ ላይ ከቆረጠው መበየጃ የሚደርስበት ሽቦ አይተርፍም።